የአስናቀን ዋንጫ ፍለጋ

እኛ የአርሲ ልጆች ሽልማት ብርቃችን አይደለም። ከበቆጂ ደራርቱ፣ ቀነኒሳ፣ ጥሩነሽ፤ ከአሰላ ኃይሌ። አዲስ አበባ ለትምህርት ስንመጣ የዶርም ጓደኞቻችን የመጀመሪያ ጥያቄ ሁሌም «አርሲ? ታዲያ ለምን አትሮጡም?» ነበር። (መልሳችን፦ የታክሲ ሰልፍ ላይ እንሮጣለን።) እናማ ሽልማት ሲባል እኛ ቤት መጀመሪያ የሚታየው ሜዳሊያ ነው። የሜዳሊያ አንድ ትልቅ ጸጋ ደግሞ መመዝገቡ ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1998 ሄንግሎ ላይ 10 ሺህ ሜትሩን በ26 ደቂቃ ከ22.75 ሰከንድ ጨረሰ። ልብ በሉ፣ ነጥብ ሰባ አምስቷ ሳትቀር! ከዚያ ወዲህ ክብረ ወሰኑ በሌሎች ተሰብሯል፤ ቁጥሯ ግን ዛሬም ቦታዋ ላይ ተጽፋ ተቀምጣለች።

አሁን ሌላ ጥያቄ እንጠይቃችሁ። ሰው ለሰው ስንት ክፍል ነበር? የገመና የመጀመሪያው ክፍል የተላለፈው በየትኛው ቀን ነው? ኢንተርኔት ሳትከፍቱ መልሱ። እስቲ እናታችሁን፣ አክስታችሁን፣ ጎረቤታችሁን ጠይቁ። አምስት ሰው ብትጠይቁ አምስት መልስ ታገኛላችሁ፤ አምስቱም ግን የታሪኩን ፍሰት ከነ ለቅሶው ይነግሯችኋል። ዛሬ የምናወራው ስለዚህ ነገር ነው። አገር ምድሩ ቁጭ ብሎ ያያቸው ተከታታይ ድራማዎች ማን ሸለማቸው? ማንስ መዘገባቸው?

ከመቀጠላችን በፊት አንድ ነገር እናጥራ። ዴራ ስንል የጎንደሩን ዴራ አይደለም፤ የሰላሌውንም አይደለም። የእኛ ዴራ ከአዳማ ወደ አሰላ ስትሄዱ አዋሽ መልካሳን አልፋችሁ፣ ኢተያ ሳትደርሱ፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ የምታገኟት የዶዶታ ከተማ ናት። አቧራዋና ሙቀቷ ከአሰላ ብርድ ጋር የአንድ ዞን ልጆች አያስመስላቸውም። ብዙ ሰው በአውቶቡስ መስኮት አይቶ አልፏታል። እኛ ቴሌቪዥን ማየት የተማርንባት ከተማ ናት።

እንግዲህ ነገሩን ያስጀመሩን እንግሊዞች ናቸው። እነሱ ለተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማዎቻቸው ብቻ የሚሆን ዓመታዊ የሽልማት ሥነ ሥርዓት አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1999 ተጀመረ፤ የሚያስተላልፈው አይቲቪ የተባለው ጣቢያ ነው። ፊልም የለበትም፣ ዜና የለበትም፣ ሙዚቃ የለበትም። ድራማ ብቻ፤ ያውም «ሶፕ» የሚባለው ዓይነት። ስሙ የመጣው ከአሜሪካ ነው። በ1930ዎቹ የቀን ሬዲዮ ድራማዎችን ስፖንሰር ያደርጉ የነበሩት የሳሙና ፋብሪካዎች ስለነበሩ የቤት እመቤቶች የሚሰሙት ድራማ ሁሉ «የሳሙና» ተባለ። ስያሜው ንቀት ነበረበት። «የሴቶች ወሬ» እንደማለት ነው። (የእኛዎቹም ድራማዎች «ይህን ፕሮግራም ስፖንሰር ያደረገው...» ብለው ነው የሚጀምሩት፤ ስለዚህ የሳሙናውን ስም ብንወርሰው ነውር የለውም።)

ዝርዝራቸው ራሱ ያዝናናል። ኮሮኔሽን ስትሪት እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 1960 ጀምሮ፣ ኤመርዴል ከ1972፣ ኢስትኤንደርስ ከ1985፣ ሆሊኦክስ ከ1995። እነዚህ ሁሉ በዓመት አንድ ምሽት አንድ አዳራሽ ውስጥ ይገናኛሉ። ከሽልማቶቹ አንዳንዱን ሕዝብ ይመርጣል፣ አንዳንዱን ዳኞች። ምርጥ መሪ ተዋናይ፣ ምርጥ የታሪክ ፍሰት፣ ምርጥ አንድ ክፍል፣ እና እኛን ከወንበራችን ያስነሳን ዘርፍ፦ የዓመቱ ምርጥ ክፉ ሰው! አዎ፣ ዓመቱን ሙሉ ያመሰ፣ ያታለለ፣ ያስለቀሰ ገጸ ባሕርይ ተመርጦ ተዋናዩ መድረክ ላይ ወጥቶ እየሳቀ ዋንጫ ይቀበላል። ይህን ያወቅን ቀን በአንድ ድምፅ ያልነው ነገር «አስናቀ!» ነበር።

ወደ አስናቀ እንመለሳለን። መጀመሪያ ግን ወደ ኋላ እንሂድ፤ ምክንያቱም ታሪካችን ከቴሌቪዥን አይጀምርም።

ሬዲዮ ነው የሚቀድመው። በአያቶቻችን ዘመን አርሲ ውስጥ የሬዲዮ ባትሪ እንደ ስኳር የሚቆጠብ ነገር ነበር። ኃይሌ በልጅነቱ የምሩጽ ይፍጠርን የሞስኮ ድል በ1972 ዓ.ም. የሰማው በአባቱ ሬዲዮ እንደሆነ ራሱ ደጋግሞ ተናግሯል። ያ ሬዲዮ ለአንዱ ሩጫ፣ ለሌላው ዜና፣ ለሌላው ደግሞ ትረካ ነበር። ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን ፍቅር እስከ መቃብርን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ፣ ልብ ብላችሁ ካያችሁት፣ ያ ተከታታይ ድራማ ነው። በአንድ ሰው ድምፅ የተሠራ ተከታታይ ድራማ! ቆም ይላል፣ ልብ ያንጠለጥላል፣ ለሳምንት ይቀጥራል። ሰብለ ወንጌልን አይተናት አናውቅም፤ ግን በወጋየሁ ድምፅ እናውቃታለን። ትረካው ዛሬ በእጃችን ያለው ተቀድቶ ስለተረፈ ነው። ካሴት ሆነ፣ ሲዲ ሆነ፣ ዩቲዩብ ገባ። ካልተቀዳው ውስጥ ስንት ወጋየሁ ይኖር ይሆን?

በንጉሡ ዘመን ሽልማትም ነበር። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት በ1950ዎቹ ተቋቁሞ ደራሲያንን፣ ሠዓሊያንን፣ ተመራማሪዎችን ይሸልም ነበር። ፀጋዬ ገብረ መድኅን በሥነ ጽሑፍ ሲሸለም ገና የ29 ዓመት ወጣት ነበር። (እኛም ሃያዎቹ ውስጥ ነን። ምንም አላልንም።) ለመጽሐፍ፣ ለሥዕል፣ ለጥናት የሚሆን የክብር ወንበር ነበረ ማለት ነው። ሽልማቱ ግን ከንጉሡ መንግሥት ጋር አበቃ። በሬዲዮ ውስጥ ለሚያለቅስና ለሚያስለቅስ ሰው የሚሆን ወንበር ግን ያኔም ሲዘጋጅ አልሰማንም።

ቴሌቪዥን የመጣው በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ነው፤ በንጉሡ የዘውድ በዓል ቀን። ቶምሰን የተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ በማቋቋሙ ረድቷል። አያችሁ፣ እንግሊዞቹ ከመጀመሪያውም አሉበት! መሣሪያውን ሲያመጡልን እነሱ ቤት ኮሮኔሽን ስትሪት አራተኛ ዓመቱን ሊይዝ ነበር። ቀለም እስክናይ ደግሞ ሃያ ዓመት ፈጀ፤ የኢሠፓ ምሥረታ በተከበረበት በ1977 ዓ.ም. መደበኛው ሥርጭት ባለ ቀለም ሆነ። በዚህ ሁሉ ዘመን ቴሌቪዥን የነበረው ቤት እንደ ቀበሌ አዳራሽ ነበር። ከዚያም የአለባቸው ተካና የልመነህ ታደሰ አጫጭር ኮሜዲዎች መጡ፤ እናቶቻችን ስማቸውን ሲሰሙ ዛሬም ቀድመው ይስቃሉ። ይሄን ዘመን በጨረፍታ የምናልፈው ስላልኖርንበት ነው። የኖረበት ሰው ይጻፈው፤ እባካችሁ ቶሎ ይጻፈው።

አሁን ወደምንወደው ታሪክ ደረስን።

እ.ኤ.አ. ከ2002 አጋማሽ እስከ 2004 መጨረሻ ድረስ «የቀን ቅኝት» የሚባል የሬዲዮ ድራማ ነበር። ሁለት መቶ ሃምሳ ሰባት ክፍል፤ በቁጥር 257። ይህን ቁጥር በእርግጠኝነት የምንጽፍላችሁ ድራማውን የሠራው ድርጅት ቆጥሮ ስለያዘው ነው። ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር ይባላል፤ የኢትዮጵያውን ቅርንጫፍ የመሩት ዶክተር ንጉሤ ተፈራ ነበሩ። ሐሳቡ መነሻው ሜክሲኮ ነው። ሚጌል ሳቢዶ የሚባል የቴሌቪዥን ሰው በ1970ዎቹ ድራማን እያስለቀሰ ማስተማሪያ አደረገው። አንድ ጥሩ ሰው፣ አንድ ክፉ ሰው፣ እና በሁለቱ መካከል የሚዋልል እንደ እኔና እንደ አንቺ ያለ ሰው። ተመልካቹ የሚማረው ከሚዋልለው ነው። ሲሳሳት አብሮት ይሳሳታል፣ ሲመለስ አብሮት ይመለሳል። እንግሊዞችም ይህን መንገድ ሳያውቁት ጀምረውት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ ቢቢሲ ያሰማው ዘ አርቸርስ የሚባለው የሬዲዮ ድራማ ሲጀመር አንዱ ዓላማው ገበሬውን ስለ እርሻ ማስተማር ነበር። (በ1960ዎቹ አሰላ ላይ ካዱን ያቋቋሙት ስዊድኖች ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ሲያስተምሩ አንድ ጥሩ ድራማ ቢጨምሩበት ኖሮ ምን ይሆን ነበር እያልን አንዳንዴ እንቀልዳለን።)

የቀን ቅኝት ስለ ኤችአይቪ፣ ስለ ቤተሰብ ምጣኔ፣ ስለ ጠለፋ፣ ስለ ሴት ልጅ ዕድል ያወራ ነበር። በዚያው ጊዜ በአፋን ኦሮሞ «ዲምቢባ» የሚባል ሌላ ድራማ ይተላለፍ ነበር። እዚህ ላይ ዴራን አስታውሱ። እኛ ቤት አንዱ ክፍል በአማርኛ ያለቅሳል፣ ጓሮ ያለው በአፋን ኦሮሞ ያለቅሳል፤ ቡና ሲፈላ ሁለቱ ይገናኙና የሁለት ድራማ ሰዎች አንድ ሰፈር የሚኖሩ ይመስል ይወራል። እኛ ያኔ ሕፃናት ነበርን። የምናስታውሰው ድራማውን ሳይሆን ዝምታውን ነው። ሬዲዮው ሲከፈት «እሽሽ!» ይባላል፤ ያለቀሰ ሕፃን ወደ ውጭ ይወሰዳል። ወደ ውጭ ከተወሰዱት መካከል ነን።

ከአድማጮች ለድርጅቱ የደረሱት ደብዳቤዎች ከ15 ሺህ በላይ ነበሩ። አስራ አምስት ሺህ! ኤስኤምኤስ አይደለም፣ «ላይክ» አይደለም። ወረቀት ተገዝቶ፣ ጽሕፈት የሚችል ልጅ ተለምኖ፣ ፖስታ ቤት ተሂዶ የተላከ ነው። መጻፍ የማትችል እናት ለልጇ እየነገረች ስታስጽፍ አስቡት፦ «ጻፍ፣ ያቺ ልጅ እንዳታገባው በሉልኝ በል»። እንግሊዞቹ ለተመልካች ምርጫ ስልክና ድረ ገጽ ይከፍታሉ። እኛ አገር ምርጫው ማንም ሳይከፍተው ተካሂዷል። ዋንጫ ግን አልነበረውም። ድርጅቱ ደብዳቤዎቹን ባይቆጥራቸው ኖሮ ይህችን አንቀጽ መጻፍ ባልቻልን።

ከዚያ ገመና መጣ። 2001 ዓ.ም.። ደራሲዋ አዳነች ወልደገብርኤል፣ ጣቢያው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን። ያኔ ሌላ ጣቢያ ምን ነበረና? በመላ አገሪቱ ሁሉም ሰው አንድ ነገር የሚያይበት የመጨረሻው ዘመን ነበር ማለት ይቻላል። ዳንኤል ተገኝ ዶክተር ምስክርን ሆኖ ሲጫወት ሰፈራችን ውስጥ «ልጄ ዶክተር ይሆናል» የምትል እናት ቁጥር ጨመረ። (በነገራችን ላይ ከእነዚያ ልጆች አንዱም ዶክተር አልሆነም፤ ሁለቱ ባጃጅ ይነዳሉ፣ አንዷ ጋዜጠኝነት አጠናች።) ውጭ አገር ያሉት ደግሞ በድሬቲዩብ ይከታተሉ ነበር። ዋሽንግተን ያለች አክስት ደውላ «ያ ክፍል መጣ እንዴ?» ስትል ዓለም ጠባብ እንደሆነች በጆሯችን ሰማን።

ዴራ ውስጥ የምናየው የጎረቤታችን እትዬ ቤት ነበር። ቴሌቪዥኑ ቡፌ ላይ ነው፤ ዳንቴል ለብሷል፤ ዳንቴሉ የሚገለጠው ድራማው ሊጀምር ሲል ነው። ትልልቆቹ ሶፋ ላይ፣ ልጆች ምንጣፍ ላይ፣ የዘገየ በር ላይ። ጫማችንን ውጭ አውልቀን ስለምንገባ ሲያልቅ አንዱ የሌላውን ነጠላ ጫማ አድርጎ ይሄዳል። ጸጥታው የቅዳሴ ነው፤ የሚናገር ቢኖር እትዬ ናቸው። «እንዳታምኚው! አንቺ ልጅ እንዳታምኚው!» ይላሉ ለቴሌቪዥኗ ልጅ።

አንድ ምሽት፣ ልብ በተንጠለጠለበት ሰዓት፣ መብራት ጠፋ። እንዲህ ዓይነት ጩኸት ዴራ ያሰማችው በኦሎምፒክ ጊዜ ብቻ ነው። ሻማ በራ። ጠበቅን። ሲመጣ ዜና ነበር። በማግስቱ ጠዋት እትዬ ውኃ ወረፋ ላይ ጀሪካናቸው ላይ ተቀምጠው ያመለጠንን ክፍል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገሩን። አዳማ ያለች እህታቸው በስልክ ነገረቻቸው አሉ። መጀመሪያ በአማርኛ ነገሩን፤ ከዚያ ለአዴዎቹ በአፋን ኦሮሞ ደገሙት፤ በአፋን ኦሮሞ ሲሆን እንዲያውም አንድ ጠብ ተጨመረበት። ሁላችንም አለቀስን። ለዓመታት ያንን ክፍል ያየነው ይመስለን ነበር። ይህን ታሪክ ያዙልን።

ሁለተኛው ገመናም ተከተለ። ከዚያ ሰው ለሰው መጣና ለዓመታት ነገሠብን። ከፈጣሪዎቹ መካከል ሰለሞን ዓለሙና መስፍን ጌታቸው ነበሩ። እና አስናቀ! አበበ ባልቻ። መቼም የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ካወጣቸው ክፉዎች ሁሉ በለሆሳስ እየተናገረ የሚያስፈራ እንደ አስናቀ የለም። አይጮኽም፣ አይሳደብም። መነጽሩን ያስተካክላል፣ ዝም ይላል፣ እኛ እንሞታለን። በሰፈራችን ልጅ የሚያባርር አውራ ዶሮ ነበር፤ ስሙ አስናቀ ተባለ። ለፋሲካ ሲታረድ ልጆች አጨበጨቡ። ከዚህ በላይ ዋንጫ አለ? አለ እንጂ! የእንግሊዞቹ ነገር የሚያስቀናን እዚህ ላይ ነው። እነሱ ክፉ ሰው መጫወት ሙያ እንደሆነ በአዋጅ አጸደቁ። እኛ አገር ክፉ ሆኖ የተጫወተ ተዋናይ ሰላምታ ካላጣ ዕድለኛ ነው።

«እኛስ ሽልማት የለንም እንዴ?» የምትሉ አላችሁ። አለን። በ2000ዎቹ የመጀመሪያ አስር ዓመታት ውስጥ ሁለት ትልልቅ ነገሮች ተወለዱ። አንደኛው ለዛ ነው። ብርሃኑ ድጋፌ በሸገር 102.1 ከሚያዘጋጀው የሬዲዮ ፕሮግራም የወጣ የአድማጮች ምርጫ ሽልማት። ልብ በሉ፦ የቴሌቪዥን ድራማን ለመሸለም ቀድሞ ከተነሱት አንዱ የሬዲዮ ፕሮግራም ነው! ዘፈኑ፣ ፊልሙና ተከታታይ ድራማው አንድ ምሽት ላይ ይገናኛሉ። ሁለተኛው ጉማ ነው፤ በ2006 ዓ.ም. የተጀመረውና ዮናስ ብርሃነ መዋ የመሠረተው። ስሙን የወሰደው ሚሼል ፓፓታኪስ በ1960ዎቹ ከሠራው ጉማ ከተባለው ፊልም ነው። ስሙ ራሱ መዝገብ ነው፤ የዛሬ ወጣት «ጉማ ምንድነው?» ብሎ ሲጠይቅ ወደ አሮጌው ፊልም ይደርሳል። ለዚህ ብቻ ባርኔጣችንን እናነሳለን።

ግን እንነጋገር። ጉማ ልቡ ሲኒማ ጋ ነው። ለዛ ልቡ ሙዚቃ ጋ ነው፤ ቀይ ምንጣፉ ላይ ካሜራ የሚሮጠው ወደ ዘፋኙ ነው። ድራማው በሁለቱም ቤት እንግዳ ነው፤ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ግን ምሽቱ የእሱ አይደለም። ነገሩ ደግሞ የመጠን ጉዳይ ነው። አንድ ፊልም ሁለት ሰዓት ነው። ተከታታይ ድራማ በሳምንት በሳምንት ለዓመታት ይጻፋል። ተዋናይ ታሞ ታሪኩ ይለወጣል፣ ስፖንሰር ይወጣል፣ ዝናብ ይመጣል፣ ረቡዕ ግን አይቀርም። እንግሊዞቹ «ምርጥ አንድ ክፍል» የሚል ዘርፍ ያወጡት ከዓመቱ ሙሉ ክፍሎች መካከል አንዲቷን መርጦ «ይህቺ ናት» ማለት እንዲቻል ነው። እኛ ጋ «ምርጥ ድራማ» ብለን በጅምላ እንሸልማለን፤ ያቺ መብራት የጠፋባት ክፍል ግን ስም የላትም።

ከዚያ በ2008 ዓ.ም. ቃና መጣና የቱርኮቹን ድራማ በአማርኛ አናገረው። ጥቁር ፍቅር፣ ኩዚ ጉኒ። የአገር ውስጥ አርቲስቶች ተቃወሙ፤ ሥራችንን ይቀማል፣ ባህል ይበርዛል አሉ። ስጋታቸው ይገባናል። ግን እኛ በበኩላችን ሌላ ነገር አስቆጨን። እነዚያን ቱርኮች በአማርኛ ያስለቀሱልን ወጣቶች፣ ስቱዲዮ ገብተው ከሰው ከንፈር ጋር ቃል እያገጣጠሙ የሚውሉት፣ ፊታቸውን ብናይ አናውቃቸውም። ወጋየሁን በድምፁ ያከበርን ሕዝብ ለድምፅ ተዋናይ የሚሆን አንድ ዘርፍ መፍጠር ያቅተናል?

አሁን ቀለል አድርገን ልናልፈው ያልቻልነው ነገር።

ኮሮኔሽን ስትሪትን የፈጠረው ቶኒ ዋረን ይባላል። የመጀመሪያው ክፍል ሲተላለፍ 24 ዓመቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በማርች 2016 ሞተ። በሚቀጥለው ዓመት በዚያ የድራማ ሽልማት ላይ በስሙ አንድ ዘርፍ ተከፈተ፤ ካሜራ ፊት ለማይታዩት፣ ከጀርባ ለሚሠሩት ሰዎች የሚሰጥ። በየዓመቱ አንድ የማናውቀው ሰው፣ ጸሐፊ ወይም የጀርባ ሠራተኛ፣ መድረክ ላይ ይወጣል፤ የሞተው ሰው ስም ይጠራል፤ አዳራሹ ይነሳል።

የእኛው መስፍን ጌታቸው በ2013 ዓ.ም. ሞተ። ሰው ለሰውን የጻፈ፣ ከዚያም ዘመንን የጻፈ ሰው። የእኛ ትውልድ ማታ ማታ ያወራው የነበረውን ወሬ ግማሹን የጻፈው እሱ ነው ብንል አላጋነንንም። የሞቱ ዜና በተሰማ ሳምንት ፎቶው በየፌስቡኩ ዞረ። ብዙዎቻችን መልኩን ያየነው ያኔ ነው። ይህ ያሳፍረናል። የአስናቀን መነጽር ከሩቅ እንለያለን፤ አስናቀን «ዝም በል፣ መነጽርህን አስተካክል» ብሎ የጻፈውን ግን መንገድ ላይ ብናገኘው ሰላም አንለውም ነበር። በስሙ አንድ ዘርፍ፣ «የመስፍን ጌታቸው ሽልማት» የሚባል፣ በለዛም ይሁን በጉማ፣ በዓመት አንድ ጸሐፊ መድረክ ላይ የሚያወጣ ዘርፍ ቢኖር ምን ያህል ብር ይፈጃል? አንድ ዋንጫ። አምስት ደቂቃ።

ጉዳዩ የክብር ብቻ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ሳለን የመመረቂያ ጽሑፋችንን በቴሌቪዥን ድራማ ታሪክ ላይ እንሥራ አልን። ያስፈለገን ዝርዝር ብቻ ነበር፦ ርእስ፣ ደራሲ፣ ዓመት፣ የክፍል ብዛት። ከአንድ ቢሮ ወደ ሌላ ቢሮ ተላክን። አንዱ ጋ «ደብዳቤ አምጡ»፤ ደብዳቤ ስናመጣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፤ ኃላፊው ሲገኙ «ካሴቱ ላይ ሌላ ተቀድቶበታል» ተባልን። በመጨረሻ ርእስ ቀየርን። ያኔ ነው የሽልማት ሌላው ጥቅም የገባን። የእንግሊዞቹን ሽልማት ዝርዝር ብትከፍቱ ከ1999 ጀምሮ በየዓመቱ ማን አሸነፈ፣ ማን ታጨ፣ የትኛው ታሪክ፣ የትኛው ክፍል ተብሎ ተጽፏል። በኮሮና ጊዜ፣ 2020 እና 2021፣ አልተካሄደም፤ ያም ተጽፏል። በ2024 አልተካሄደም፣ በ2025 ተመለሰ፤ ያም ተጽፏል። የእነሱም ተመልካች ሸሽቷቸዋል፤ ብሩክሳይድ የሚባለው ድራማቸው በ2003፣ ዶክተርስ የሚባለው በ2024 አብቅቷል። ድራማው ይሞታል፣ ዝርዝሩ ይቀራል። አንድ የማንቸስተር ተማሪ ስለ ድራማቸው ታሪክ ሲጽፍ ዝርዝሩን ከፍቶ ይጀምራል። የዴራ ተማሪ እትዬ ቤት ሄዶ ይጀምራል።

ዛሬ ነገሩ ትንሽ ተሻሽሏል። ጣቢያው በዝቷል። በ2014 ዓ.ም. እረኛዬ በአርትስ ቲቪ ሲተላለፍ አዜብ ወርቁ፣ ቅድስት ይልማና ቤዛ ኃይሉ የሚባሉ ሦስት ሴቶች ጽፈውት ስማቸው በሰው አፍ ገባ፤ ስለ ደራሲዎቹ እንደ ተዋናዮቹ ሲወራ እኛ የሰማነው ያኔ ነው። ከአዳነች ወልደገብርኤል እስከ እረኛዬዎቹ ድረስ ይህ የሴቶች የጽሑፍ መስመር ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል፤ ሌላ ቀን። ዩቲዩብም ብዙ ነገር አትርፏል። ግን ዩቲዩብ የሚያስቀምጠው ሰው የጫነውን ነው፤ ቻናሉ ሲዘጋ አብሮ ይዘጋል።

ባለፈው ፋሲካ ዴራ ሄደን ነበር። እትዬ ደህና ናቸው፤ ቴሌቪዥኗ ተለውጣ ግድግዳ ላይ ወጥታለች፤ ዳንቴሉ ግን አልተጣለም፣ ሪሲቨሩን ለብሷል። ይህን ጽሑፍ ልንጽፍ እንደሆነ ነገርናቸውና ያቺን መብራት የጠፋባት ክፍል አነሳን። ስልካችን ላይ ፈልገን አገኘናት። ምስሉ የደበዘዘ፣ ጥግ ላይ የማናውቀው ሰው ስም የተጻፈበት ቅጂ ነው። ቡናው እየተፈላ አብረን አየናት። እኛ ለዓመታት የምናስታውሰው ልመና አልነበረም። ለቅሶው አልነበረም። ያ በአፋን ኦሮሞ የተጨመረው ጠብማ ጭራሽ! አንዱ ወደ ሌላው ዞረን ተያየን፤ ከዚያ ሁላችንም ወደ እትዬ ዞርን።

«እህትዎ በስልክ ነግራኝ ነው ብለውን አልነበር እንዴ?»

እትዬ ስልኩን መለሱልን፤ መነጽራቸውን አስተካከሉ፤ ለትንሽ ጊዜ ዝም አሉ።

«የዚያን ቀን አዳማም መብራት አልነበረም» አሉ። «ደግሞ የእኔው ይሻላል።»